የሶኬቱ ክስ

ጋሼ፣ እንደዚያ አይዩኝ። ወረቀት አልያዝኩም። ብይዝ ሳልጨርስ ነጥቀው እንደሚያርሙኝ ስለማውቅ በቃሌ ነው የመጣሁት።

ለጋሼ የጡረታ ሽኝት ለመጣችሁና ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ እዚህ ማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ከአራሚያችን ከጋሼ ፊት ለፊት ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። በሁለት ወር ስለምቀድማቸው የመጡበትን ቀን አስታውሳለሁ። የቅጥር ደብዳቤያቸውን ለሥራ አስኪያጁ ከመስጠታቸው በፊት ቆመው አነበቡት።

«ቆይ፣ ይሄ ረቡዕ ሥራ ይጀምራሉ ይላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው» አሉ።

«የጸሐፊዋ ስህተት ነው፤ ይግቡ» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«ስህተት ከሆነ ይታረም። ልክ ከሆነ ነገ እመጣለሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ!

ከዚያ ወዲያ ስማቸው «ጋሽ ቆይ» ሆኖ ቀረ። ምንም ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። «እንደምን አደሩ?» ስትሏቸው እንኳ «ምን ተፈጠረ?» ይላሉ።

እንግዲህ እኒህ ሰው የዛሬ ሦስት ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ገዙ ማለት፣ ባለቤታቸው አስገዟቸው። እትዬ፣ አይሳቁ፤ ለዚህ ሁሉ ጉድ የዳረጉን እርስዎ ነዎት!

ጋሼ መኪናዋን ካቆሙ በኋላ፣ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ፣ የፊት ክዳኗን በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር። «ድምፅ የላትም። ምን እያሰበች እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ቀጥሎ ደብተር መጣ። ጠዋት ሲገቡ የባትሪውን ፐርሰንት ይጽፋሉ፣ ሲወጡም ይጽፋሉ። አንድ ቀን በር ላይ ጥበቃችንን አፋጠጡት።

«ስድሳ ስምንት ላይ ነበር ያቆምኳት። አሁን ስድሳ ሰባት ናት። አንዷ የት ሄደች?»

«ጋሼ፣ እኔ የተረከብኩት በር ነው። ፐርሰንት አልተረከብኩም።»

ዝናብ ሲይዘን ቤታችን ያደርሱናል፤ ይሄን አልክድም። ግን መጀመሪያ ፍተሻ አለ። «ቦርሳሽ ምን ይዟል? ዳገት አለብን እኮ!» ማሞቂያ ባትሪ ይበላል ተብሎ አይከፈትም። መስታወቱ ጭጋግ ሲለብስባቸው፣ ከኋላ የተቀመጥነውን ትንፋሽ ቀንሱ ያሉን ቀን አለ። ምስክሮቼ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ወደ ሶኬቱ ልምጣ። መሥሪያ ቤቱ በወረቀት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሶኬት ፈቀደላቸው። ጠዋት ሰክተው ይገባሉ፤ ምሳ ሰዓት ሲወርዱ ብሬከሩ ወደ ታች ወርዶ፣ ቻርጁ ተቋርጦ ያገኙታል። መልሰው ያበሩታል። በማግስቱም ያው ነው። «ሆን ብሎ የሚያጠፋብኝ ሰው አለ» አሉ። ከዚያ በኋላ ያልተጠረጠረ የለም። የማሽን ሠራተኛውን «ትናንት ለምን ቀድመህ ምሳ ወጣህ?» ይሉታል። እኔን «መኪናዬን ስታዪ ትስቂያለሽ» ይሉኛል። በግቢው የሚያልፍ ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መሄድ ጀመረ።

አንድ ዝናባማ ቀን ጋሼ በመስኮት ቁልቁል ሲያዩ፣ ጥበቃችን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይዟል። «ያዝኩት!» ብለው ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት እንጃ። ሰውየው «ጋሼ፣ ውኃ ውስጥ ወድቆ ላነሳው ነው» ቢል ማን ይስማው? በዚያው ቀን ጋሼ ለሥራ አስኪያጁ የክስ ደብዳቤ ጻፉ። የአራት ልጆች አባት፣ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደ። እኛም አመንን። እውነቱን ልናገር፣ የተጠረጠረው ሌላ ሰው በመሆኑ ተንፈስ ብለናል።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ እንደልማዳቸው ሰክተው ገቡ። ምሳ ሰዓት ወረዱ። ብሬከሩ ወርዷል። ጥበቃችን ደግሞ ቤቱ ነው ያለው።

ዝናቡ እየመታቸው ቆመው ቀሩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ፤ ሰውየው ከፍቶ አየውና «ይሄ ለመኪና አቅም የለውም። ሁለት ሰዓት ሲሠራ ይግልና ራሱን ይዘጋል» አላቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን በስልክ «ተመለስ» ያስብለው ነበር። ጋሼ ግን እትዬን ይዘው ቤቱ ድረስ ሄዱ። በማግስቱ ከእሱ ጋር መጡ፤ ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰብስበው የክስ ደብዳቤያቸውን አወጡ። በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። አነበቡልን።

«መስመር ሁለት፣ "ሆን ብሎ" የሚለው ይሰረዝ፤ አላወቅኩም። መስመር አራት፣ "ያዝኩት" የሚለው "አየሁት" ይባል። መስመር ስድስት፣ "ጥፋተኛው" ከሚለው ቀጥሎ የእኔ ስም ይግባ።»

ጥበቃችን «ይበቃል፣ ጋሼ» ብሎ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደው።

ከግርጌው ግን ጋሼ ያላነበቡት አንድ መስመር ነበር። «ምስክር» ይላል፤ ፊርማው የእኔ ነው። እኔ መስኮቱ ጋ አልነበርኩም። ምንም አላየሁም። «አንቺስ አይተሻል?» ሲሉኝ፣ እኔም እንዳልጠረጠር ፈርቼ ፈረምኩ። ያን ቀን ጋሼ አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ስሜን ሳይጠሩ አለፉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ይኸው ሁለት ዓመት።

ወንድሜ፣ በሩ ጋ የቆምከው፣ ሳላይ ፈርሜብሃለሁ። ይቅር በለኝ። እጅህን አታወዛውዝ፤ ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ያው ጋሼ ወንበር እየሳቡልህ ነው።

ጋሼ፣ የእኔን ስህተት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጮሁብኝ፣ ሰው ፊት ሳያዋርዱኝ አርመዋል። የራስን ማረም እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ ያን ቀን ግቢ ውስጥ አየሁ። አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው፤ ይሄን እንኳ አይጠርጥሩ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ነገ ጋሼና እትዬ ሐይቅ ዳር ሊያርፉ በመኪናቸው ሊሄዱ ነው። መንገዱ ላይ ቻርጅ ማድረጊያ አለ ወይ ብዬ እትዬን ብጠይቃቸው «ሦስት አለ፤ ለሦስቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ደውሏል» አሉኝ። መንገዱን ያቅናላችሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። የደረሳችሁበት ሁሉ በሩን ከፍቶ ይቀበላችሁ። ለጋሼና ለእትዬ፣ ለጤናችሁ!