ዝዋይ ለሁለት ሰው

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ ጀሞ፤ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ንጋቱ ለነገው ጉዞ የተከራየውን ሚኒባስ ግቢ አስገብቶ ሲወርድ፣ ሚስቱ ፀዳለ ሻንጣዋን እየጎተተች ከቤት ትወጣለች።

ፀዳለ፦ ንጋቱ፣ እኔና አንተ ስንት ሰው ነን?

ንጋቱ፦ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ፀዳለ፦ ሁለት ሰው ዝዋይ ለመሄድ ሚኒባስ ምን ያደርግለታል? በየወንበሩ እየዞርን ልንቀመጥ ነው?

ንጋቱ፦ የኛዋ መኪና ጠባብ ናት ብዬ ነዋ። እግርሽን ዘርግተሽ፣ ነፋስ እየገባልሽ…

ፀዳለ፦ ማንን ጠራህ?

ንጋቱ፦ ማንንም አልጠራሁም።

ፀዳለ፦ ንጋቱ።

ንጋቱ፦ ጌታሁንን ብቻ። እሱንም እኔ አልጠራሁትም። ሱቅ መጥቶ ነገ የት ነህ ሲለኝ ዝዋይ ነኝ አልኩት። ከማን ጋር አለኝ። ከሚስቴ ጋር ስለው፣ ምነው ታማለች እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ምን ልበለው? እናንተም ኑ እንጂ አልኩታ። እሱና ሚስቱ ናቸው፣ በቃ።

ፀዳለ፦ ለአራት ሰው የኛዋ መኪና ትበቃለች። ሌላስ?

ንጋቱ፦ ማሞ ከጌታሁን ሰምቶ ደወለ። እኔን ትታችሁኝ ልትሄዱ ነው ብሎ ተቆጣ። በግ ይዤ እመጣለሁ፣ እዚያው ሐይቁ ዳር እናርዳለን ነው የሚለው።

ፀዳለ፦ ከበግ ጋር ነው የምሄደው?

ንጋቱ፦ ከኋላ ወንበር ሥር ይገባል፣ አይታይሽም።

ፀዳለ፦ ሌላስ?

ንጋቱ፦ ጋሽ በላቸው።

ፀዳለ፦ ጋሽ በላቸው? በዚህ ዕድሜያቸው?

ንጋቱ፦ እሳቸውን እንዴት እተዋለሁ? አባትሽ ቤት ሽማግሌ ሆነው ሄደው አንቺን ያሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ጥሩነሽ ከሞቱ ወዲህ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይወጡም። ትንሽ ይናፈሱ ብዬ ነው።

ፀዳለ፦ እኔስ?

ንጋቱ፦ አንቺ ምን?

ፀዳለ፦ ከፋሲካ ጀምሮ ስለ ምን ዓይነት ጉዞ ነው የነገርኩህ? እስቲ በል ድገምልኝ።

ንጋቱ፦ ጠዋት ሐይቁ ዳር በእግር እንሄዳለን። ከሰዓት ወይን እርሻው ገብተን እናያለን፣ እዚያው ተቀምጠን አንድ አንድ ብርጭቆ እንቀምሳለን። ከዚያ እናድራለን። ይኸው፣ ምኑን ረሳሁ? ሰው ይሄን ሁሉ መንገድ በመኪና ሄዶ ከዚያ በእግሩ ሊሄድ ነው ብዬ ስነግራቸው ሱቅ ያሉት ሁሉ በሳቅ ሞቱ።

ፀዳለ፦ የረሳሃት አንዲት ቃል አለች።

ንጋቱ፦ የትኛዋ?

ፀዳለ፦ ብቻችንን።

ንጋቱ፦ ሰው ካለ ይደምቃል ብዬ እኮ ነው ፀዱ። ሁለት ሰው ዝም ብሎ ሐይቅ ሲያይ ቢውል ምን ይባላል?

ፀዳለ፦ ማን ነው የሚለው?

ንጋቱ፦ ሰው ነዋ።

ፀዳለ፦ ሰው ዝዋይ ድረስ መጥቶ አያየንም፣ አንተ ካልጠራኸው በቀር።

ንጋቱ፦ ደግሞ አንቺ ወይን ትጠጫለሽ እንዴ? ጠጥተሽ አይቼሽ አላውቅም።

ፀዳለ፦ በልጃችን በብሌን ሠርግ ጠጥቻለሁ። አንተ ከመለዋወጫ ነጋዴዎቹ ጋር ነበርክ። ሙሽሮቹ ከወጡ በኋላ ጥግ ይዤ ብቻዬን ጠጣሁ። ደስ አለኝ። ንጋቱ አጠገቤ ቢሆን ደግሞ እንዴት ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

ንጋቱ፦ ይሄማ ቀላል ነው፤ ገዝቼ መጥቼ እዚሁ እንጠጣ ነበር።

ፀዳለ፦ እዚህ ቴሌቪዥኑ አለ።

ንጋቱ፦ እሱስ አለ።

ፀዳለ፦ ልጃችንን ልናይ አዋሳ በሄድን ቁጥር ያ እርሻ ጋ ስንደርስ አቁምልኝ እልሃለሁ። ስንመለስ ትለኛለህ። ስንመለስ ይመሻል። የወይኑን ረድፍ በመስኮት ብቻ እያየሁ አለፍኩት። ሐይቁንም እንደዚያው።

ንጋቱ፦ በቃ ነገ እናቆማለን፣ ሁላችንም እንወርዳለን። አምጪ ሻንጣሽን ልጫነው። ምን ይዘሽ ነው? ድንጋይ ነው እንዴ? ለአንድ አዳር ይሄ ሁሉ?

ፀዳለ፦ ልብስ ነው።

ንጋቱ፦ ዚፑ እንኳ አልዘጋ ብሎሻል። ይሄ ጋቢሽ አይደለም? በዚያ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልሻል? የእናትሽንም ፎቶ ይዘሻል። ፀዱ፣ ሰው ለሽርሽር ሲሄድ የእናቱን ፎቶ ከግድግዳ ላይ አውርዶ ይሄዳል?

ፀዳለ፦ አስቀምጠው። እስቲ ቁጭ በል፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ በል። ብሌን ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። ልጇን የሚይዝላት ሰው የላትም። እኔ ጋ ነይ፣ ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ ብላኛለች።

ንጋቱ፦ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ አንድ ሁለት ወር ሄደሽ…

ፀዳለ፦ ለአንድ ሁለት ወር አይደለም።

ንጋቱ፦ ለስንት ነው?

ፀዳለ፦ ጠቅልዬ ነው።

ንጋቱ፦ ጠቅልለሽ? እኔስ?

ፀዳለ፦ ገና አልወሰንኩም። ከዝዋይ ደውዬ እነግርሻለሁ ነው ያልኳት። ካንተ ጋር ሐይቁ ዳር ዞር ዞር ብለን፣ ያንን ብርጭቆ ጠጥተን፣ አድረን ስንነሳ ልቤ ከሱ ጋር ተመለሺ ካለኝ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ካላለኝ ደግሞ አዋሳ ከዚያ ቅርብ ናት።

ንጋቱ፦ ፈተና ነው በይኛ።

ፀዳለ፦ ሽርሽር ነው።

ንጋቱ፦ ምን አጠፋሁ? ሰክሬ አልገባሁ፣ እጄን አላነሳሁብሽ፣ ሌላ ሴት አላየሁ።

ፀዳለ፦ ምንም አላጠፋህም። ከሱቅ ትገባለህ፣ ማን መጥቶ ነበር ትለኛለህ፣ ማንም እልሃለሁ። ራትህን ትበላለህ፣ ዜናህን ታያለህ፣ ትተኛለህ። ብሌን እያለች እኮ በሷ በኩል እናወራ ነበር። አባዬ ሻይ አምጪ አለ ትለኛለች፤ እማዬ ተነስቶ ይቅዳ አለች ትልሃለች፤ ሦስታችንም እንስቃለን። እሷ ስትወጣ ወሬውም አብሯት ወጣ። ቀን ቀን ከማን ጋር እንደማወራ ታውቃለህ?

ንጋቱ፦ ከማን ጋር?

ፀዳለ፦ ቆጣሪ ሊያነብ ከሚመጣው ሰውዬ ጋር። ባለፈው ውሃ ይጠጡ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ እያልኩ ሳቆየው ግራ ገብቶት ሮጦ ወጣ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ባል እያለኝ እንዲህ ብቻዬን መሆኔ አሳፈረኝ።

ንጋቱ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ፀዳለ፦ መቼ? በዜናው መሃል?

ንጋቱ፦ እውነቱን ልንገርሽ?

ፀዳለ፦ ንገረኝ።

ንጋቱ፦ ብቻችንን ስትይኝ ፈራሁ። ሐይቁ ዳር ያን ሁሉ ሰዓት ምን አወራታለሁ ብዬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ወሬ ስፈልግ ነበር የምውለው። ከፍሬን ሸራና ከኩሽኔታ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ጌታሁን እኛንም ውሰደን ሲለኝ እንዲያውም እፎይ ነው ያልኩት።

ፀዳለ፦ እናንተም ኑ ያልከው አንተ ነህ።

ንጋቱ፦ እሺ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ፀዳለ፦ እኔም ፈርቼ ነበር እኮ። ፀጉር ቤት ስገባ ሴትዮዋ ሠርግ አለብዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከባሌ ጋር ልሄድ ነው ለማለት አፈርኩ። ወደ ማረፊያውም ደውዬ አንድ ክፍል ለሁለት ሰው ስል፣ ስልኩን ያነሳው ልጅ ሙሽሮች ናችሁ ወይ አለኝ።

ንጋቱ፦ ምን አልሽው?

ፀዳለ፦ አዎ አልኩት።

ንጋቱ፦ ዋሸሽ?

ፀዳለ፦ ዋሸሁ። አልጋው ላይ አበባ እንበትንላችኋለን አለኝ።

ንጋቱ፦ በዚህ ሽበቴ አበባ ላይ ልተኛ ነው?

ፀዳለ፦ ሳቅህ።

ንጋቱ፦ ሳቅሁ እንዴ? ፀጉርሽ ደግሞ አምሮብሻል። ከገባሁ ጀምሮ የሆነ የተቀየረ ነገር አለ፣ ምንድነው ምንድነው እያልኩ ነበር። ስልኬን አቀብይኝ።

ፀዳለ፦ ምን ልታደርግ?

ንጋቱ፦ አቀብይኝ ብቻ። ሄሎ፣ ጌታሁን፣ ስማኝማ። የነገው ጉዞ ቀርቷል። … አይ፣ እኔማ እሄዳለሁ፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። … አልታመመችም፣ ይኸው አጠገቤ አለች። … ከሚስቴ ጋር ብቻዬን መሄድ ፈልጌ ነው። … ሳቅ፣ ሳቅ። ሲበቃህ ትዘጋዋለህ።

ፀዳለ፦ ጆሮህ ቀልቷል።

ንጋቱ፦ ይቅላ። ሄሎ፣ ማሞ፣ በጉን ገዝተሃል እንዴ? … እንግዲያው ለበዓል ታቆየዋለህ። እኔና ፀዳለ ብቻችንን ልንሄድ ነው። … አልተጣላንም ወንድሜ፣ የታረቅን ነው የሚመስለኝ። … እሺ፣ ቻው።

ፀዳለ፦ የታረቅን ነው የሚመስለኝ አልከው?

ንጋቱ፦ ሌላ ምን ልበለው? ሚኒባሱን አሁኑኑ እመልሳለሁ፣ የኛዋንም ዘይት አያለሁ። ለእግር ጉዞ ግን የሚሆን ጫማ የለኝም።

ፀዳለ፦ ሸራ ጫማ ገዝቼልሃለሁ። አልጋው ሥር ነው።

ንጋቱ፦ ቁጥሬን ታውቂዋለሽ?

ፀዳለ፦ አውቀዋለሁ እንጂ።

ንጋቱ፦ ሐይቁ ዳር አድሬ አውቃለሁ፣ ነግሬሽ አውቃለሁ? ሳላገባሽ፣ የጭነት መኪና በምነዳበት ጊዜ። ካምቢዮው ተበላሽቶብኝ ዕቃ እስኪመጣልኝ ዝዋይ ተቀመጥኩ። ቀን ቀን ዓሣ አስጋሪዎቹን አያለሁ። ሲመሽ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኔና ጉማሬዎቹ እንቀራለን። ሲተነፍሱ ይሰማል፣ ልክ እንደ ሰው። አጠገቤ ሆኖ ሰማህ ወይ የሚለኝ ሰው አማረኝ።

ፀዳለ፦ ይሄን ነግረኸኝ አታውቅም።

ንጋቱ፦ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነዋ።

ፀዳለ፦ ቦታውን ታሳየኛለህ?

ንጋቱ፦ ዛፍ ነበረው። ዛፉ ካለ አሳይሻለሁ።

ፀዳለ፦ ዛፉ ባይኖርም አሳየኝ።

ንጋቱ፦ እሺ። አየሽ፣ ወሬ አለኝ ለካ።

ፀዳለ፦ አለህ። አሁን ለጋሽ በላቸው ደውልላቸው።

ንጋቱ፦ ለሳቸው ነገ ጠዋት ብነግራቸውስ?

ፀዳለ፦ ነገ ጠዋት ለብሰው በር ላይ ቆመው? ያ ይብሳል። አሁን ደውል። አንድ ቀን እኛው ራሳችን እንወስዳቸዋለን፣ እኔ ምሳ እይዛለሁ። ነገን ብቻ ተውልኝ።

ንጋቱ፦ ልክ ነሽ። ሄሎ፣ ጋሽ በላቸው፣ እንደምን ዋሉ? ንጋቱ ነኝ። … እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ነገው ነበር የደወልኩት። ነገ እንኳን… ምን አሉኝ? … ባርኔጣ ገዙ? … አሃ። … እትዬ ጥሩነሽም ሐይቁን ማየት ይመኙ ነበር? አላውቅም ነበር ጋሼ። … አይ፣ አይ፣ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ሰዓቱን ልነግርዎ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ይጠብቁኝ። … ኧረ እንዴት ከኋላ ይቀመጣሉ? ጋቢናው የእርስዎ ነው። … አሜን። አሜን። ፀዳለም ደስ ብሏታል።

ፀዳለ፦ ደስ ብሏታል አልካቸው?

ንጋቱ፦ ምን ላድርግ? ቀርቷል የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልብሳቸውን አስተኩሰው ጨርሰዋል። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር ልጄ፣ አሰብከኝ ብለው መረቁኝ። እንዲህ የሚልን ሰው ቅሩ ማለት እንዴት ይቻላል?

ፀዳለ፦ አይቻልም።

ንጋቱ፦ አንድ ሰው ብቻ ናቸው እኮ። እኛ ስንሄድ እሳቸው ጥላ ሥር አረፍ ይላሉ።

ፀዳለ፦ ጥላ ሥር ብቻቸውን አትተዋቸውም። እኔ አውቅሃለሁ፣ አብረሃቸው ትቀመጣለህ። ወይን እርሻውም ውስጥ ከሳቸው ጋር ነው የምታወራው።

ንጋቱ፦ ፀዱ፣ ተቀየምሽኝ?

ፀዳለ፦ አልተቀየምኩህም። የሳቸው ቤት ጭር ማለቱ በስልክ ተሰማህ፤ ደግ ሰው ነህ። የኔን እዚሁ አብረኸኝ እየኖርክ አልሰማኸውም።

ንጋቱ፦ ሰምቻለሁ እኮ። አሁን እኮ ሰማሁሽ።

ፀዳለ፦ በል ሻንጣዬን ጫንልኝ፤ ዚፑን በጉልበትህ ተጫነውና ዝጋው። ነገ ዝዋይ ላይ እንዳታቆም፣ በቀጥታ አዋሳ አድርሰኝ።