ከመርዶ በፊት ምሳ

ሰው መርዶ ከሰማ በኋላ እህል አያሰኘውም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ጀርመን አገር፣ ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት ተሰብስበው ጓደኛዬን ሰለሞንን የእናቱን ሞት እስኪያረዱት፣ «ምሳ አብላው» ብለው ላኩኝ። ባንሆፉ፣ ባቡር ጣቢያው፣ አጠገብ ያለች ራመን የሚሉትን የጃፓን ሾርባ የምትሸጥ አንዲት ጠባብ ቤት አስገባሁት፤ ወረፋ የያዘው ሰው ጀርባችን ላይ ቆሟል።

አንዴ ጎረሰና ቀና አለ። «አንተ በሥራ ቀን ምሳ ጋብዘኸኝ አታውቅም። እማዬ ናት አይደል?»

«መጀመሪያ ብላ» አልኩት። ሌላ ምን ልበል? በዚያው ገባው።

ደረቱን ሊደቃ እጁን ሲያነሳ ክርኑ አጠገቡ የሚበላውን ጀርመን ነካው። «ኤንትሹልዲጉንግ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀና እጁን ጭኑ ላይ መለሰው። አስተናጋጇ እንደሞላ የቀረውን ሳህኑን እያነሳች «ጣፈጣችሁ?» አለችን።

ሰለሞን እንባውን ዋጥ አድርጎ «በጣም» አላት።