ሰባት ሌሊት

ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የጥንት እንግሊዞች ሳምንትን «ሴናይት» ይሉት እንደነበር፣ ትርጉሙም ሰባት ሌሊት እንደሆነ ስነግራቸው፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ለምን ሰባት ቀን አላሉትም?» ብለው ያዙኝ። «አገላብጬ እነግራችኋለሁ» ብዬ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ጎጃም ታማብኝ ነበርና ጎረቤቴ ሸህ ሰይድ «በጁምዓ ሌሊት ዱዓ እናደርግላታለን፣ ና» አሉኝ። አርብ ማታ ስሄድ ግቢው ጭር ብሏል።

«የት ቀረህ? ትናንት ማታ አደረግን እኮ!» አሉኝ። «ትናንት ሐሙስ አይደል እንዴ?» ብላቸው ሳቁ። «እኛ ዘንድ ሌሊቱ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተለዋል። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ጁምዓ ገባ ማለት ነው።» ደንግጬ ያችን የእንግሊዞች ቃል ነገርኳቸው። ምንም አልገረማቸውም። «እነሱም በጨረቃ ይቆጥሩ ነበራ! ፀሐይ ሁልጊዜ ያው ናት፤ ስንተኛው ቀን እንደሆነ የምትነግርህ ጨረቃ ናት» አሉኝ። እኔ በዲግሪ ያላገኘሁትን፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ ሰው፣ በራቸው ላይ ቆመው! «በል አብሽር፣ ዱዓው ደርሷል» ብለው ሸኙኝ። እዚያው መንገድ ላይ ለእናቴ ደወልኩ። «ልጄ፣ ሰባት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ነበር» አለችኝ፤ «ትናንት ግን ተኛሁ።»