ለማነጻጸሪያ የተፈለገው ጤነኛ

ዕድሜያቸውን በጨጓራና በካንሰር ምርምር ያሳለፉ ሐኪም ለጥናት ወደ ከተማችን ወደ ወገዳ መጡ። ስለ ጨጓራ ከስልኬ ያላነበብኩት የለምና ለሕመምተኞች ላስረዳ ብዬ ተጠጋሁ። መጀመሪያ የገጠሙኝ የበሉት አልረጋ ያላቸው አንድ መሪጌታ ናቸው። «ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዎ ይወርዳል፤ ምንም አያምም» አልኳቸው። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ካንሰር ጨጓራን እንዴት እንደሚበላ በእጄ እያሳየሁ ስተነትን፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ሐኪሙ ደነገጡ። «ሳይታዩ አይሂዱብኝ መሪጌታ፤ ከስተዋል፣ ያሰጋኛል።»

«እንግዲያው ምንም አያምም ያለው ልጅ ይቅደምና ልየው።»

«እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ» አልኩ።

«ለማነጻጸሪያ ጤነኛም እንፈልጋለን» አሉ ሐኪሙ። «ዛሬ የቀመስከው ነገር አለ?»

መዋሸት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን እውቀቴን ላሳይ ብዬ፣ «በባዶ ሆድ እንደሚደረግማ አውቃለሁ፤ ውኃም አልቀመስኩ» አልኩ።

ቱቦው ጉሮሮዬ ሲደርስ እንባዬ ወረደ፤ የሐኪሙን ጋዋን ጨምድጄ ያዝኩ። ያነበብኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። ሲወጣልኝ መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው ተራ ይጠብቃሉ።

«አልፈሩም?» አልኳቸው በሻከረ ድምፅ።

«አንተን ዝም ካሰኘማ መድኃኒትነት አለው» አሉና ተጋደሙ።