ያልነቃችው ኤሊ

በጅቡቲ ከተማ፣ ከዋራበሌ ሰፈር ወደ ማዕከላዊ ገበያ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ተቀምጠው በአማርኛ ያወራሉ። ወጣቷ ጉልበቷ ላይ ካርቶን ይዛለች። ትልቋ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች።

“ውይ! ይቺ ኤሊ ሞታለች እኮ!”

“አልሞተችም እትዬ፣ ተኝታ ነው። የአሠሪዬ የማዳም ናት። ቅርፊቷ ተሰንጥቆ የእንስሳት ዶክተር ሲጠግንላት በመርፌ አስተኛት።”

“ኤሊም እንደ ሰው ያስተኛሉ?”

“ካልተኛች ያማታል አለኝ።”

“ትተነፍሳለች ታዲያ?”

“ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የምትተነፍሰው አለ። እኔ ግን እስካሁን አላየሁም።”

“ክብሪት ጭረሽ አሽትቻታ! ራሱን የሳተ ሰው እንኳ ይነቃል።”

“በስመአብ! ኤሊ ክብሪት ታሸታለች?”

“እንግዲያው ውሃ ርጪባት።”

“ሳትነቃ ውሃ እንዳይነካት ብሏል። ደግሞ ከበረዳት ቶሎ አትነቃም አለኝ።”

“በጅቡቲ ምድር? የምን ብርድ?”

“እኔም ግራ ገብቶኛል። ማዳም ቤት ግን ኤሲው ቀን ከሌት ክፍት ነው፤ ማጥፋት አይፈቀድም።”

“ብትሞት ‘ገደልሻት’ ነው የምትባይው።”

“እሱ እኮ ነው የጨነቀኝ! አስቤ አስቤ አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁላት።”

“የት?”

“የእኔ ክፍል። እዚያ ኤሲ የለም፣ መስኮትም የለም።”

“ታፍና ብትሞትብሽስ?”

“እኔ ሁለት ዓመት ተኝቼበት የለ?”

ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ከጎኔ ወደ ካርቶኑ ነፋስ የሚያስገባውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።