ከኩሽና የሚሰማው አሜን ብቻ ነው

የሰው ልጅ ደጃፉ ላይ ያለውን ትቶ ባሕር ማዶ ያለውን ማየት ለምን እንደሚቀናው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህን የምለው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም። ነገሩ የሆነው በመንደራችን የሣር ክዳኑ እየፈረሰ ቆርቆሮ በሚለብስበት ዘመን፣ ከመከር ምስጋና እሑድ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው።

እኔ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ያን ቀን ለመድረኩ ማስጌጫ ዱባ ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሽማግሌ ፒዮን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እሳቸውም አንድ ነዶ ሩዝ ታቅፈዋል። ሽማግሌ ፒዮ ከፓስተራችን ቀጥለው የሚከበሩ፣ ጸሎታቸው ረጅም፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። እየተጨዋወትን ግቢው ስንደርስ የወንድማቸው ልጅ ማንሱ ከኩሽናው ብቅ አለ። ማንሱ ዋና ከተማችን ሴኡል ነገረ መለኮት ተምሮ በዚያው ዓመት ወንጌላዊ ሆኖ የተመለሰ ወጣት ነው። እጅጌውን ሰብስቦ የታጠበ ጎመን በቅርጫት ይዟል።

ሽማግሌው ክው አሉ።

«አንተ! ምን ጉድ ነው የማየው? ወንድ ልጅ ኩሽና ከገባ ያ የወንድነቱ ቃሪያ ይረግፋል ሲባል አልሰማህም?»

«አጎቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስገባ ስወጣ ነው የዋልኩት፤ እስካሁን አልረገፈም» አለ ማንሱ።

ሳቄን ማፈን አቃተኝ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ መምህር! ለሁሉም ጸጋው ተለይቶ ነው የተሰጠው። ወንዱ ይመራል፣ ሴቷ ታበስላለች። እኛ በጸሎቱ እናመሰግናለን፣ እነሱ በሾርባው። ተልእኳችን ግን አንድ ነው።»

«አንድ ቢሆንማ ደግ ነበር። አጎቴ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት በጥምቀት ጥያቄው ላይ እናታችንን የጎምሶዋን ለምን ጣሏቸው?»

የጎምሶዋ የምንላት ከጎምሶ መንደር ተድራ የመጣች፣ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ የተጠጋ ባልቴት ናት። የእሑዱን ምሳ ለምእመኑ ሁሉ የምታበስለው እሷ ናት። ለመጠመቅ የሚሹ ሰዎችን ቀርበው የሚጠይቁት ደግሞ ሽማግሌዎቹ ናቸው።

«እኔ ጣልኳት? ራሷ ወደቀች እንጂ! ያለፈው እሑድ ስብከት ስለ ምን ነበር? አልኳት፤ ዝም። ከዚያ በፊት የነበረውስ? ዝም፣ እንደ ግድግዳ! ይህን ሁሉ ዓመት አብራን ኖራ አንዲት ቃል እንኳ ጠብ የማይልላት ምን ዓይነት ድንጋይ ራስ ናት? አለማመስገን ነው ይኼ። የሚያመሰግን ልብ ያስታውሳል።»

«ስብከት ሲሰበክ እሳቸው የት ነው የሚቀመጡት?»

«የት ይሆናል፣ ከሴቶቹ ጋር ነዋ!»

«ከሴቶቹ መካከል የት ጋ?»

«በግራ በኩል... ከማሞቂያው ምድጃ አጠገብ... አይ፣ እሷስ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ናት።» ሽማግሌው ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የጎምሶዋ የት ነው የምትቀመጠው?»

ዓይኔን ጨፍኜ የሴቶቹን ረድፍ በሐሳቤ አንድ በአንድ አየሁት። የለችም። ከፊትም ከኋላም የለችም። ደነገጥኩ።

«ሽማግሌ፣ እኔም ተቀምጣ አይቻት አላውቅም» አልኩ።

«ከየት ያዩዋቸዋል?» አለ ማንሱ። «የመጀመሪያው መዝሙር ሲያልቅ ሩዝ ሊጥዱ ይወጣሉ። የሚመለሱት ሰሃን አጥበው ሲጨርሱ ነው፤ ያኔ በሩ ተቆልፏል። አጎቴ፣ የነገው የምስጋና መባ ለምንድን ነው የሚውለው?»

«ለደሴቶቹ ነዋ። ወንጌል ላልሰሙት ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ልንገዛ ነው።»

«ይኸው! ያልሰማ ሰው ፍለጋ ባሕር ልታቋርጡ ነው፤ ያልሰማችው ግን ሾርባ እያቀረበችላችሁ ነው።»

ኧረ የዚህስ ልጅ አፍ! ሽማግሌው ይመቱታል ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ነገሩን በዘዴ ሊያልፉት ሞከሩ።

«እሺ፣ ድምፅ ማጉያ ኩሽናው ውስጥ እናስገባላታለን። አለቀ!»

«ድስቱ እየተንተከተከ፣ ጎመኑ እየተከተፈ? እርስዎ በስብከት መሐል ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ዞር ብለው ያፈጡበታል።»

«ውሸት ነው! ልጠይቃትና ጉድህ ይወጣል!» ብለው ሽማግሌው ወደ ኩሽናው ተንደረደሩ። ደጃፉ ላይ ግን እግራቸው ተገታ፤ በሕይወታቸው ገብተውበት የማያውቁት ቤት ነው። ሩዝ ታጥብ የነበረችው የጎምሶዋ ስታያቸው ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እውነት ነው? ስብከት ሰምተሽ አታውቂም?»

«ይቅር ይበሉኝ ሽማግሌ፣ ትናንት አሳፈርኳችሁ» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «እዚህ የሚሰማው አሜን ብቻ ነው። አሜን ሲባል ሾርባውን አወጣለሁ።»

«ታዲያ ምነው ትናንት ይህን አልተናገርሽም?»

«ምሳውን ማብሰል የጠላሁ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው። እኔ ማብሰሉን አልጠላሁም።» ጎንበስ ብላ ቅሉን አነሣች። «የጌታ እራት ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ። ያልተጠመቀ አይቀምስም ስለተባለ ፍርፋሪውን እንኳ አንስቼ ቀምሼ አላውቅም። ሳልሞት አንድ ቀን ከሰው ጋር ልብላው ብዬ ነው የመጣሁት።»

እግዚኦ! ያን ሁሉ ዓመት ሾርባዋን ስበላ የት እንደምትቀመጥ አለመጠየቄ አሳፈረኝ። ሽማግሌ ፒዮ ነዶው ከእጃቸው አመለጠና ደጃፉ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«አቤት ድፍረቴ!» አሉ። «በሩን ዘግቼባት፣ ለምን አልገባሽም ብዬ ጣልኳት?» ከዚያ ቀና ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እርስዎ... ለመሆኑ ስምዎ ማን ነው?» አሏት። እርስዎ ማለታቸውን ሰምተን ማንሱና እኔ ተያየን።

«ኦክ ጆምሬ» አለች፣ የሌላ ሰው ስም የምትጠራ ይመስል።

በማግሥቱ የመጀመሪያው መዝሙር ሲያልቅ ሽማግሌ ፒዮ ብድግ አሉ። «ዛሬ ሩዙን የምንጥደው እኛ ነን። እግዚአብሔርን እያመሰገንን የምታበላንን ሴት ማመስገን ከረሳን፣ ምስጋናችን ጎዶሎ ነው» ብለው ኮታቸውን አወለቁና ወደ ኩሽና ወጡ። አንዲት አሮጊት «ምን ነካቸው?» ስትል ከኋላ ተሰማኝ። ማንሱ ተከተላቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ሩዙ ከሥሩ አረረ፣ ከላዩ ጥሬ ሆነ። ሰው ሁሉ እየሳቀ በላው።

ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ በየተራ እናበስላለን። ለውጡ ምን ጠቀመ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው። እናቶች የሰሙትን ቤታቸው ገብተው ለልጆቻቸው ያወራሉ፤ ወንጌል ይዘው ወደ ደሴቶቹ ከሚሄዱት መካከል ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ እኛ ባሎችም ሰሃን ማጠብ ምን ያህል ወገብ እንደሚቆርጥ አውቀን አፋችንን ሰብስበናል። ተልእኮ የጋራ የሚሆነው ሥራውም መስማቱም የጋራ ሲሆን ነው። ይህን ለመማር ሴኡል መሄድ አያሻም ነበር፤ ኩሽናው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው።

ለፋሲካው ጥምቀት የጎምሶዋ እንደገና ቀረበች። ሽማግሌ ፒዮ ያለፈው እሑድ ስብከት ስለ ምን እንደነበር ጠየቋት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ፓስተሩ የሳሉበት ቦታ እንኳ ሳይቀር ተረከችው፤ ሽማግሌዎቹ ይበቃል ብለው ለመኗት።

ፓስተሩ «ኦክ ጆምሬ» ብለው ለጥምቀት ሲጠሯት ምእመኑ ማን ናት ብሎ ዞር ዞር አለ። የዚያን ቀን የጌታ እራት ዳቦ የጋገሩት ሽማግሌ ፒዮ ነበሩ። ቁራሹን አፏ ውስጥ ስታደርግ አጠገቧ ጎንበስ ብለው «እንዴት ነው?» አሏት በሹክሹክታ።

«ጨው ረስተዋል» አለች እንባዋ እየወረደ፤ ቁራሹን ግን ቶሎ ልትውጠው አልፈለገችም።