በፈረንጅ ነው ያልኩሽ

ደራርቱዬ፣ እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ? ይሄ የካዛንቺስ አቧራ አይገርምሽም? ትናንት ታጥቤ ዛሬ ፀጉሬን እዪው፣ ሲሚንቶ ሲያራግፍ የዋለ ሰው ነው የምመስለው። ከኡራኤል እዚህ ድረስ በእግሬ መጣሁ፣ ታክሲ ብጠብቅ ይመሽብኝ ነበር። ቆይ ሻርፔን ላውልቅ... የበሩን መጋረጃ ጣል አርጊልኝማ፣ ወንድ ድንገት እንዳይገባ። መጋረጃው እንዴት ነው? ቀለሙን አልለቀቀም አይደል? እኔ አዚዛ የሸጥኩት መጋረጃ ፀሐይ አይበላውም ብዬሽ አልነበር?

ዛሬ ብቻሽን ነሽ እንዴ? ኦ... ለካ ሰው አለ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት እመቤት፣ ይቅርታ፣ አላየሁዎትም! አይሰሙኝም መሰለኝ። ያ ካስክ እንደዛ ሲጮህ ምን ይሰማል? ተያቸው፣ መጽሔታቸውን ያንብቡ። ፊታቸውን እንዴት አድርገው ነው የሸፈኑበት ባክሽ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው መሰለኝ። ምንድነው የሚሠሩት፣ ትሪትመንት? ፀጉራቸውን ጨው በልቶት? የምን ጨው? እሺ እሺ፣ የደንበኛ ነገር አይወራም፣ ልክ ነሽ።

ጫማቸውን ግን አየሽልኝ? ዛጎል የተደረደረበት ነጠላ ጫማ! በዚህ አቧራ! እንደዚህ ዓይነቱን ያየሁት አንዲት ወዳጄ እግር ላይ ነው፣ ያውም በፎቶ። ስለሷ ነግሬሽ አላውቅም? ስሟን ተይው፣ ጥሩ ሰው ስሙ ሲነሳ አይወድም። በቃ፣ ማሻአላህ የምታስብል ሴት ናት። በጥር ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ዛንዚባር ሄደው ነበር። ለሽርሽር! እኛ ልጆቻችንን መስቀል አደባባይ ወስደን አይስክሬም ስናበላ አገር ያስጎበኘን ይመስለናል። እሷ ባሕር ውስጥ አስገባቻቸው። ላዩ ላይ እንዳይመስልሽ፣ ውስጡ! መስታወት ያለው ነገር ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ቱቦ በአፋቸው ነክሰው፣ ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍተው ዓሣ ያያሉ። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ባለ መስመር ዓሣ። ይሄን ሁሉ ያየሁት ፌስቡክ ላይ ነው። እንኳንም ለጠፈችው፣ ባትለጥፈው እኮ ዛንዚባር መሄዷ ምን ትርጉም ነበረው?

እኔን የገረመኝ ድፍረቷ ነው። ድሮ አንድ ግቢ ስንኖር፣ ሳይፈርስ በፊት ማለቴ ነው፣ ክረምት ደጃችን ላይ ጎርፍ ሲያልፍ እጄን ካልያዝሽኝ አልሻገርም የምትል ሴት ነበረች። ሶደሬ ሄደን እግሯን ብቻ ነክራ ዋለች። ዛሬ ጭንቅላቷን ውኃ ውስጥ ቀብራ ትንሳፈፋለች። ባልየውም አይደነግጥም፤ ያን የመሰለ ቦርጭ ይዞ መስመጥስ መች ይቻላል? ትንሹ ልጅ ደግሞ፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሁሉም ፎቶ ላይ እያለቀሰ ነው። ከሥሩ ምን ብላ ጻፈችበት መሰለሽ? «የደስታ እንባ»። እናት አይደለች? የልጇን እንባ እሷ ታውቀዋለች።

ትልቋ ግን ደስ ብሏታል። ያቺ ልጅ... ያቺን ልጅ ስወዳት! ከመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ትልልቅ ሆኖ ሲያየኝ ስልኬን አስቀምጬ ማንሳት፣ አስቀምጬ ማንሳት ሆነ ሥራዬ።

ቀስ ደራርቱዬ፣ ፀጉሬን የጠቀለልሽበት ቢጎዲን አጠበቀብኝ።

ያቺ ልጅና የኔ ሂባ በአንድ ሳምንት ነው የተወለዱት። እናትየው ከወለደች በኋላ ታመመች፣ ወተትም እምቢ አላት። ሕፃኗ ስታለቅስ ግቢው በሙሉ አይተኛም። እኔ ደግሞ የአላህ ሥራ፣ ወተቴ ለሁለት ይተርፋል። አንዷን በቀኝ፣ አንዷን በግራ... ወላሂ አሁን ሳወራው ራሱ ደረቴን ይሰማኛል። በኛ ሃይማኖት እንደዛ አብረው የጠቡ ልጆች እህትማማች ናቸው። እናትየውም ታውቃለች። «ሂባ እኮ እህቷ ናት» ትል ነበር ለሰው ሁሉ። ያኔ ነው እንግዲህ፣ ጎርፉን እጄን ይዛ በምትሻገርበት ጊዜ።

ልደታቸውን አንድ ላይ ነበር የምናከብረው። አንድ ኬክ፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ በሣፋ፣ የግቢው ልጅ በሙሉ። ሻማውን ሁለቱ እኩል እፍ ሲሉ ምራቃቸው ኬኩ ላይ ይረጫል፣ ማንም ሳይጸየፍ ይበላ ነበር። ግቢው ፈርሶ እሷ አፓርታማ ስትገባ ልደቱም አብሮ ገባ። የአፓርታማ ልደት ቀለም እንዳለው ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም ነበር። አምና ሮዝ ነው ተባለ፣ ሂባ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። ፎቶ ሲነሱ ጥግ ላይ አቆመቻት፣ ከዛ ደግሞ ከጥጉም ትንሽ ፈቀቅ በይ አለቻት። አልተቀየምኩም። መጋረጃ ነጋዴ አይደለሁ እንዴ፣ ቀለም አለመስማማት ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ነው የሚነገረው?

ዘንድሮ ታዲያ አንድ ቀን ኡራኤል መብራቱ ጋ መኪናዋን አቁማ በመስኮት ጠራችኝ። ደስታዬን! «አዚ፣ የልጅቷ ልደት በአስራ አምስት ነው፣ ሂባን ይዘሽ እንዳትቀሪ፣ ከዛ ባሕር ልንሄድ ነው፣ ሰማያዊ ይሁን አደራ» አለችኝ። አረንጓዴ በራ፣ ሄደች። እንዴት ያለ ጥሪ ነው? አጭር፣ ግልጽ፣ ቀለሙ ሳይቀር። ጥር አስራ አምስት። እኔስ መች ጠፋኝ? ልጅቷ የተወለደች ቀን የራሴን ሆድ ታቅፌ ሆስፒታል በር ላይ የዋልኩት እኔ ነኝ። ጥር አስራ አምስት እሷ መጣች፣ በሦስተኛው ቀን ሂባ ተከተለቻት።

ያን ሰሞን ሂባ መቀመጫ አሳጣችን። ከሱቅ የተረፈ ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ነበረኝ፣ እሱን ቀሚስ አድርጌ ሰፋሁላት። የመጋረጃ ጨርቅ ነው፣ አልዋሽሽም፣ ግን ስትሽከረከር ብታያት! ስጦታውን ራሷ መረጠች። ስታዲየም አካባቢ መንገድ ላይ የሚሸጡት፣ ተነፍቶ ክንድ ላይ የሚገባ፣ ልጅ ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነገር አለ አይደል? ብርቱካንማውን። አሻንጉሊት ይሻላል ብላት እምቢ አለች። «ባሕር ልትሄድ ነው እኮ እማ፣ እንዳትሰምጥ» አለችኝ።

በአስራ አምስት ሄድን። በሩ ላይ ሰማያዊ ፊኛ አለ፣ ግን ሁሉም ተኮማትሯል። ጥበቃው ሂባን አያት፣ ቀሚሷን አየ፣ እኔን አየኝ። «ልደቱማ ካለፈ ሳምንት ሆነው፣ እነሱ ዛንዚባር ናቸው» አለኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ወዲያው ዓይኑን ከኛ ላይ አነሳ። ከተኮማተሩት ፊኛዎች አንዱን ፈትቶ ለሂባ ሰጣት። እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነች። እስከ ቤታችን በእግር ነው የሄድነው።

ውይ! መብራት ሄደ! ይሄ ሰፈር መቼም... ካስኩም ዝም አለ። ጸጥታው እንዴት ደስ ይላል! እስካሁን እየጮህኩ ነበር ለካ። አሁን ቀስ ብዬም ባወራ ይሰማል። እመቤትስ? አይወጡም እንዴ? ተያቸው፣ አትንኪያቸው፣ እንቅልፍ ወስዷቸው ይሆናል። አይ... መጽሔቱን እንደያዙ ናቸው። በጨለማ ያነባሉ፣ ጎበዝ ናቸው። ቅድም መጽሔቱ ዝቅ ሲል አፍንጫቸውን አየሁት፣ ፀሐይ ልጦታል የኔ እናት። የካዛንቺስ ፀሐይ እንዲህ ይልጣል እንዴ?

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ወዳጄ። ሲመለሱ ደወልኩላት። አፌን ሳልከፍት ስለ ዓሣው ነገረችኝ። ያ ቱቦ ነክሶ መንሳፈፍ «ስኖርክሊንግ» ነው የሚባለው፣ እንዳልሳሳት ብላ ደግማ ደጋግማ አስጠናችኝ። መምህር መሆን ነበረባት። ቀጥሎ ስለ ልደቱ ስጠይቃት፣ «ውይ አዚዬ! በፈረንጅ ነው እኮ ያልኩሽ! ጃንዋሪ አስራ አምስት!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ሰው ሲያድግ ካሌንደሩም ያድጋል። ድሮ ዕቁቧ በሀበሻ፣ ሰርጓ በሀበሻ፣ ልጆቿን የምታስከትብበት ቀን በሀበሻ ነበር። ስናወራ በፈረንጅ የቆጠረችልኝ ያቺን አንድ ቀን ብቻ ነው። ከሰው ሁሉ መርጣ ለኔ! ዕድለኛ አይደለሁም?

በኋላ ሳስበው ግን... ማለቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሜትር ይዤ ስለምውል ይሆናል፣ ነገር ሳይገጥም ይከነክነኛል። ጥር አስራ አምስት በፈረንጅ ሲቆጠር ጃንዋሪ ሃያ ሦስት ነው። ልጅቷ በሀበሻም ተቆጠረች በፈረንጅ፣ ጃንዋሪ አስራ አምስት አልተወለደችም። ታዲያ የዛን ቀን ማን ነው የተወለደው? ኬኩ ይሆን? ለመንገዱ ሲመቻቸው ቀድመው ደገሱ እንበል፣ ይሁን። የልጅቷ ትምህርት ቤት እናቶች ግን አንዳቸውም ቀን አልተሳሳቱም። የልደቱ ፎቶ ላይ ናቸው፣ ሁሉም ሰማያዊ ለብሰው፣ ቀለሙ ምንም አልተበላሸም።

እኔ ባልጠራ እኮ አይከፋኝም፣ ደራርቱ። «አዚዛ፣ ዘንድሮ አይመቸኝም» ብትለኝ ይገባኛል። የተጋነነ ነገር አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ልጅሽን አልብሺ፣ ሰማያዊ አድርጊላት ብላ... ደጅ አቆመቻት። የስድስት ዓመት ልጅ።

ይሄም አለፈ እንበል። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ከባሕር ከተመለሱ ጀምሮ ልጅቷ ሂባ ጋ አልመጣችም። በስልክ እናገናኛቸው ስል «ጥናት ላይ ናት» እንባላለን። ከባድ ጥናት ነው መቼም፣ ዕድሜዋ ከሁለት እጅ ጣት ሳያልፍ አያልቅም። ሂባ ደግሞ ማንሳፈፊያውን አቅፋው ነው የምትተኛው። ባለፈው ጠዋት ፊቷን እያጠብኳት፣ «እማ፣ ሳልሰጣት ስለሄደች ሰምጣ ነው አይደል?» አለችኝ። ፎቶውን አወጣሁ፣ ይኸው ስትስቅ፣ ይኸው ዓሣ ስታይ ብዬ አሳየኋት። አየችውና «ይሄ ሳትሰምጥ በፊት ነው» አለች።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? አልሰመጠችም፣ እናቷ ናት አላገናኝም ያለችው ትያታለሽ? ኬክ አልፈለግንም፣ ዛጎል አልፈለግንም። መኪናው በኛ በር ሲያልፍ ልጅቷ በመስኮት እጇን ብታወዛውዝላት ይበቃት ነበር። እህቷ በሕይወት እንዳለች አይታ ትተኛ ነበር... አይ፣ አላለቀስኩም። ያ ቅባትሽ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው።

መብራቱ የሚመጣም አይመስልም። ተይው፣ በሻርፔ እሸፍነዋለሁ፣ ነገ መጥቼ ትጨርሺልኛለሽ። ይሄን ግን እዚህ ላስቀምጥልሽ። አዎ፣ እሱ ነው፣ ብርቱካንማው። ሂባ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ከትታብኝ ነው የሄደችው፣ «ካገኘሻት ስጫት» ብላ። ያቺ ወዳጄ አንድ ቀን እዚህ ብቅ ማለቷ አይቀርም፣ የባሕር ጨው ፀጉር ይጎዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስትመጣ ስጪልኝ። «ጥልቁ ጋ እንዳትሄድ» የሚል መልእክትም አለው።

እመቤት፣ ካስኩ ከጠፋ ቆየ እኮ! አንገትዎ እንዳይደነዝዝ። አይ፣ አይነሱ፣ አይነሱ፣ ለኔ ብለው አይነሱ፣ እኔ ራሴ ልወጣ ነው። ጫማዎ በጣም ያምራል፣ እግርዎን ወደ ውስጥ ባይሰበስቡት ደስ ይለኝ ነበር።

በሉ፣ ያን ሁሉ አምቼስ ሳልመርቃት አልወጣም። ሁለታችሁም አሚን በሉልኝ፤ እመቤትም ከፈለጉ እዛው መጽሔቱ ውስጥ ሆነው። አላህ ዕድሜዋን ያርዝምላት። ጤና አይንሳት። ልጆቿ አድገው፣ ተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ በቅተው፣ ከእናታቸው ያዩትን ሁሉ ሳያጎድሉ ይክፈሏት። ፀጉሯ ነጭ ሲሆን የሰማንያ ዓመት ልደቷን በትልቅ አዳራሽ ይደግሱላት፣ ቀለሙንም እሷ የምትወደውን ያድርጉላት፣ ወዳጅ ዘመድ አንድም ሳይቀር ይጠራላት። እሷም አዲስ ቀሚሷን ትልበስ... ቀኑን ብቻ በፈረንጅ ይንገሯት።